ክሊራንስ ብታመጪም መዝገቡ ካልታረመ ጉዳዩ አላለቀም

የደረሰኝ ጥያቄ ባጭሩ ይህ ነው፦

«ጋሼ፣ እንደምን አሉ? ባህር ዳር ነው የምኖረው። ከጣና ዳር ዓሣ እየተረከብኩ ለሆቴሎች አቀርባለሁ። በ2013 ከአንድ አበዳሪ ተቋም 80 ሺህ ብር ወስጄ ነበር። በግንቦት 2015 የመጨረሻውን ከፍዬ ጨርሻለሁ። አሁን ሁዳዴ ሳይገባ ሁለት ዲፕ ፍሪዘር ልግዛ ብዬ ባንክ 300 ሺህ ብር ጠየቅሁ። የብድር ክፍሉ ልጅ ኮምፒውተሩን አየና ‹በስምሽ ሁለት ብድር አለ። አንዱ ቀሪ አለው፣ አንዱ ተበላሽቷል› አለኝ። ሁለተኛውን ብድር ጭራሽ አላውቀውም። ‹ክሊራንስ አምጪ› ብሎ ሸኘኝ። የት ነው የምሄደው? አዲስ አበባ ብሔራዊ ባንክ ድረስ መሄድ አለብኝ? ወይስ የማላውቀውንም ብድር ከፍዬ ልገላገል?»

እህቴ፣ ከመጨረሻው ልጀምርልሽ። አትክፈዪ። ያልወሰድሽውን ብድር ለመገላገል ብለሽ አንድ ብር እንዳትከፍዪ። አንዴ ከከፈልሽ እዳው የአንቺ መሆኑን እንዳመንሽ ተደርጎ ሊያዝብሽ ይችላል። ከዚያ በኋላ «አላውቀውም» ብትዪ ማን ይሰማሻል? አዲስ አበባም አሁን አትሂጂ። ስህተቱ የተሠራው እዚያ አይደለም።

እኔ እዚሁ ባህር ዳር በብድር ሥራ ብዙ ዓመት ቆይቻለሁ። እንደ አንቺ ያሉ ሰዎች ወረቀት ይዘው ከቢሮ ቢሮ ሲንከራተቱ አይቻለሁ። አብዛኞቹ የደከሙት ጥፋት ስለነበረባቸው አይደለም። መጀመሪያ የሄዱት የተሳሳተ በር ስለነበር ነው።

ነገሩ እንዲህ ነው የሚሠራው። ብሔራዊ ባንክ የብድር መረጃ ማዕከል አለው። የሚተዳደርበት መመሪያ ሲአርቢ/01/2012 ተብሎ ወጥቶ (ዓመቱ በፈረንጅ ነው)፣ በኋላ ተሻሽሏል። ባንኮች ብድር ከመፍቀዳቸው በፊት የተበዳሪውን ታሪክ ከዚያ ያያሉ። ባንክ ቤት ያለ ሰው «ክሬዲት ኢንፎርሜሽን እናውጣ» ሲል ይህንን ማለቱ ነው። መረጃውን የሚያስገባው ግን ማዕከሉ አይደለም። ያበደረው ተቋም ነው። ማን ወሰደ፣ ስንት ወሰደ፣ ስንት ቀረ፣ በምን ደረጃ ላይ ነው የሚለውን ሁሉ አበዳሪው ይልካል፣ ማዕከሉ የተላከለትን ያሳያል። ሆቴሉ «ኪሎው ጎደለ» ቢልሽ የምትመለሺው ወደ መዘነው ሰው አይደል? ይሄም እንደዚያው ነው።

«ክሊራንስ አምጪ» የሚለውን ምክር ብቻውን የማልወደው ለዚህ ነው። ክሊራንስ «እዳ የለባትም» ተብሎ ከአንድ ቅርንጫፍ ወደ አንድ ባንክ የተጻፈ ደብዳቤ ነው። የዛሬው ባንክ ይቀበልሽና ብድሩን ይሰጥሽ ይሆናል። የማዕከሉ ሲስተም ላይ በስምሽ የተጻፈው መስመር ግን እንዳለ ነው። የዛሬ ሁለት ዓመት ሌላ ባንክ ስትሄጂ ያው እዳ ተመልሶ ይመጣል። ያኔ ደግሞ ደብዳቤውን የጻፈልሽ ሥራ አስኪያጅ ተዛውሮ፣ ቅርንጫፉም ሰው ቀይሮ ታገኚዋለሽ። ደብዳቤውን ተቀበዪ፣ ያስፈልግሻል። የምትጠይቂው ዋናው ነገር ግን የተላከው መረጃ እንዲታረም ነው።

ከሁሉ በፊት ግን መስመሩን ራሱን ማየት አለብሽ። «ተበላሽቷል» የሚል ቃል ይዘሽ የትም አትደርሺም። ወደዚያው የብድር ክፍል ልጅ ተመለሺ። ጠዋት ሂጂ፣ ሰልፍ ሳይበዛ። ደብተር ያዢና ለሁለቱም ብድሮች እነዚህን ጠይቂው፦ ያበደረው ተቋምና ቅርንጫፉ የቱ ነው? ብድሩ መቼ ተሰጠ? መጠኑ ስንት ነው? ቀሪው ስንት ነው? የብድር ቁጥሩ ስንት ነው? በየትኛው መለያ ነው የተገኘው፣ በቲን (በግብር ከፋይ ቁጥርሽ)፣ በፋይዳ (በብሔራዊ መታወቂያሽ) ወይስ በስም ብቻ? እኔ የተመዘገብኩት እንደ ተበዳሪ ነው ወይስ እንደ ዋስ? የመጨረሻዋን ጥያቄ እንዳትረሺ፣ በኋላ እመለስባታለሁ።

ኮፒ አንሰጥም ሊልሽ ይችላል። አትጣዪው፣ አንብቦልሽ አንቺ ጻፊ። ጭራሽ አልናገርም ካለ ግን በጽሑፍ ጠይቂ። በ2016 የወጣው የግል መረጃ ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 1321/2016 ሰው ስለራሱ የተያዘውን መረጃ የማወቅና ስህተቱን የማሳረም መብት ሰጥቶታል። የአዋጁን ቁጥር ደብዳቤሽ ላይ ጻፊው። ያልተጻፈበት ደብዳቤ መሳቢያ ውስጥ ሲያድር፣ የተጻፈበት ግን ለአለቃ ሲመራ አይቻለሁ።

አሁን ወደ መጀመሪያው ብድርሽ። «ጨርሻለሁ» ስትዪ አምንሻለሁ። ግን «የመጨረሻውን ወር ከፈልኩ» እና «ሂሳቡ ዜሮ ሆኖ ተዘጋ» ሁለት ነገር ናቸው። ወለድ የሚቆጠረው በቀን ነው። መክፈያሽ እሑድ ላይ ወይም በዓል ላይ ውሎ በማግስቱ ከከፈልሽ የቀናት ወለድ ወይም ቅጣት ሊጨመርበት ይችላል። መስኮት ላይ ያለችው ልጅ ደግሞ መክፈያ ሰንጠረዡ ላይ ያለውን ተቀብላ ደረሰኝ ትሰጥሻለች። 60 ብር ወይም 110 ብር ትቀራለች። ለዚህች ብሎ የሚደውልልሽ የለም። ቀሪዋ ግን ቀን ትቆጥራለች። በአጭርና በመካከለኛ ጊዜ ብድር ክፍያው 90 ቀን ካለፈው ብድሩ «ከደረጃ በታች» ይባላል። 180 ቀን ሲያልፈው «አጠራጣሪ»፣ 360 ቀን ሲያልፈው «ኪሳራ» ይሆናል። ቆጠራው የሚሄደው በቀኑ እንጂ በብሩ መብዛትና ማነስ አይደለም። 60 ብሯም ሁለት ዓመት ከቆየች ኪሳራ ተብላ ትጻፋለች።

የቀረብሽ እንደዚህ ያለ ነገር ከሆነ ክርክር አትግጠሚ። እዚያው ክፈዪና ደረሰኙን ያዢ። ከዚያ ሂሳቡ ዜሮ ሆኖ መዘጋቱን የሚያሳይ ስቴትመንት በማህተም ተቀበዪ። ደረሰኝ መክፈልሽን እንጂ ሂሳቡ መዘጋቱን አያሳይም።

ከፍለሽ፣ ቅርንጫፉም ዘግቶት፣ መዘጋቱ ግን ለማዕከሉ ሳይላክ ቀርቶም ሊሆን ይችላል። ይህ ቀላሉ ነው። ስቴትመንቱን ይዘው እንዲልኩ መወትወት ብቻ ነው።

ከባዱ የቀን አጻጻፍ ስህተት ነው። እዚህ ላይ ትንሽ ልቆይብሽ፣ ምክንያቱም ብዙ ሰው የማይደርስበት ስህተት ይሄ ነው። የብድር ውል በእኛ አቆጣጠር ሊጻፍ ይችላል። ሲስተሙ የሚሠራው ግን በፈረንጅ ነው። ውልሽ ላይ የመጨረሻው መክፈያ ቀን «9/9/2015» ተብሎ ሰፍሯል እንበል። ግንቦት 9 ማለት ነው። በፈረንጅ ሜይ 17 ቀን 2023 ይሆናል። መረጃ የሚያስገባው ሰው ሳይቀይር እንዳለ ከጻፈው ግን ማሽኑ ሴፕቴምበር 9 ቀን 2015 ብሎ ይይዘዋል። ይህ ደግሞ በእኛ ጳጉሜን 4 ቀን 2007 ነው። አየሽው? አንቺ በቀኑ ከፍለሽ በደስታ ወደ ቤትሽ ስትሄጂ፣ በማሽኑ ዓይን 7 ዓመት ከ8 ወር ዘግይተሻል። ብድሩ የተሰጠበት ቀንም በዚያው መንገድ ከገባ ማሽኑ ምንም አይጠረጥርም። ሁለቱም ቀኖች ተስማምተው ይቀመጣሉ።

ይህን ለመያዝ ሒሳብ ማወቅ አያስፈልግም። ብድሩን የወሰድሽው በ2013 ነው ብለሻል። በፈረንጅ 2020 ወይም 2021 መሆን አለበት። ባንኩ ያነበበልሽ ቀን በፈረንጅ 2013 የሚል ከሆነ ስህተቱን አገኘሽው። ውልሽን ይዘሽ ሁለቱን ቀኖች ጎን ለጎን አሳዪያቸው።

ወደማታውቂው ብድር እንሂድ።

እኛ የቤተሰብ ስም የለንም። ስም፣ የአባት ስም፣ የአያት ስም ነው ያለን። ሦስቱም አንድ የሆኑ ሰዎች እንኳን ባህር ዳር ውስጥ፣ አንድ ቀበሌ ውስጥም አይጠፉም። በዚያ ላይ ፊደሉ አለ። ዓለምነሽ አንዱ ወረቀት ላይ በዐይኑ «ዓ»፣ ሌላው ላይ በአልፋው «አ» ትጻፋለች። ሲስተሙ ውስጥ ደግሞ ስም በላቲን ፊደል ነው የሚገባው። ፀሐይን አንዱ በኤስ፣ አንዱ በቲ ኤስ ይጀምራታል። ቀለሟን አንዱ በኬ፣ አንዱ በኪው ይጽፋታል። ገብረ፣ ወልደ፣ ኃይለ የሚሉት ስሞች አንዴ ተያይዘው፣ አንዴ ተነጣጥለው ይመዘገባሉ። ሲነጣጠሉ የአባት ስም ወደ አያት ቦታ ይገፋል። ስለዚህ አንድ ሰው ሁለት ሆኖ፣ ሁለት ሰውም አንድ ሆኖ ሊወጣ ይችላል።

ስም የማይለየውን ቁጥር ይለየዋል። ቲን 10 አኃዝ ነው። ሲጻፍ አንዷ ብትዛነፍ የሌላ ሰው እዳ አንቺ ላይ ሊለጠፍ ይችላል። «በምን መለያ ነው የተገኘው» ብለሽ ጠይቂ ያልኩሽ ለዚህ ነው። «በስም» ካሉሽ ግማሹን መንገድ ሄደሻል። «በቲን» ካሉሽ ደግሞ ቁጥሩን አኃዝ በአኃዝ አስነብቢያቸውና ከወረቀትሽ ጋር አመሳክሪ።

አንድ ሽማግሌ ትዝ ይሉኛል። ከዘጌ ነበር የሚመጡት፣ ቡና አላቸው። በጠዋት ጀልባ ይመጣሉ፣ ከሰዓት በጀልባ ይመለሳሉ። ያኔ የምሠራበት ተቋም ውስጥ በስማቸው የተበላሸ ብድር ይታያል። እርሳቸው «ኧረ እኔ አልወሰድኩም ልጄ» ይላሉ። እኛ «ፋይሉ ይፈለጋል፣ ሌላ ቀን ይምጡ» እንላለን። ሦስት ጊዜ እንዲህ ብለን መለስናቸው። በአራተኛው ከፌስታል ውስጥ በክር የታሰረ የወረቀት ጥቅል አወጡ። የመሬት ግብር ደረሰኝ፣ የቀበሌ መታወቂያ፣ የክትባት ካርድ ሳይቀር አለ። ጠረጴዛዬ ላይ አንድ በአንድ ደረደሩልኝና ዝም ብለው አዩኝ። ያን ጊዜ ተነስቼ መዝገብ ቤት ገባሁ። የብድሩን ፋይል አስወጥቼ ገለጥኩት። ጉርድ ፎቶው ላይ ያለው ሰው ሠላሳ ዓመት የማይሞላው ጎረምሳ ነው። ስማቸው እስከ አያት አንድ ነው። አምስት ደቂቃ ነው የፈጀብኝ። መጀመሪያ በመጡበት ቀን ያንን አምስት ደቂቃ ሰጥቻቸው ቢሆን ኖሮ ሦስት ቀን ሥራ ባልፈቱ፣ የሦስት ቀን የጀልባ ባልከፈሉ። እስከ ዛሬ ይቆጨኛል።

ስለዚህ «ይጣራል» የሚለውን መልስ ይዘሽ አትውጪ። የምትጠይቂው አንድ ነገር ነው፦ ፋይሉ ይውጣ። ውስጡ የብድር ውል አለ፣ ጉርድ ፎቶ አለ፣ ፊርማ አለ፣ የመታወቂያ ኮፒ አለ። እነዚህ አራቱ ከአንቺ ጋር ይመሳከሩ። የሌላ ሰው ፋይል ስለሆነ ላያሳዩሽ ይችላሉ፣ ያ ትክክል ነው። እነርሱ ግን አይተው መልሱን በጽሑፍ መስጠት አለባቸው።

አሁን ያቺ የመጨረሻዋ ጥያቄ። እስኪ ረጋ ብለሽ አስቢ። ለሰው ዋስ ሆነሽ ታውቂያለሽ? በእኛ አካባቢ በቡድን መበደር የተለመደ ነው። አምስት፣ ስድስት ሆነው ይደራጃሉ፣ አንዱ ለሌላው ዋስ ይሆናል። ወይም የወንድምሽ ልጅ ባጃጅ ሲገዛ «አንዴ ፈርሚልኝ» ብሎሽ ይሆናል። ሰው ፊርማውን ይረሳል፣ ወረቀቱ ግን አይረሳም። ዋስ ሆነሽ የፈረምሽበት ከሆነ ነገሩ የመዝገብ ስህተት አይደለም፣ መፍትሔውም ሌላ ነው። ያም ሆኖ ውሉን አስወጥተሽ አንብቢው። የፍትሐ ብሔር ሕጋችን በቁጥር 1922 ዋስትና እንዲሁ አይገመትም፣ በግልጽ መሰጠት አለበት ይላል። ዋሱ የሚጠየቅበት ትልቁ መጠንም በውሉ ውስጥ መጻፍ አለበት። ለ50 ሺህ ፈርመሽ 200 ሺህ ተብለሽ ከሆነ፣ ወይም መጠኑ ጭራሽ ያልተጻፈ ከሆነ፣ ጠበቃ ዘንድ ሂጂ። እንደ ተበዳሪ ሆነሽ ከተመዘገብሽ ደግሞ ይህ ራሱ መታረም ያለበት ስህተት ነው። ዋስና ተበዳሪ አንድ አይደሉም።

ፋይሉ ወጥቶ የአንቺ መታወቂያ ኮፒ ውስጡ ከተገኘ፣ ፊርማው ግን የአንቺ ካልሆነ፣ አንድም ቀን አትዘግዪ። በዚያው ዕለት ለተቋሙ በጽሑፍ አሳውቂ፣ ለፖሊስም አመልክቺ። የሚያውቁት ሰው እጅ ይኖርበት ይሆናል ብለው ዝም የሚሉ አሉ። ይሉኝታ እዚህ ቦታ የለውም።

ለማታውቂው ብድር የምታስገቢውን ደብዳቤ እኔ ላርቅቅልሽ። ከዚህ ማርዘም አያስፈልግም፦

«ለ … ቅርንጫፍ ሥራ አስኪያጅ። ጉዳዩ፦ በስሜ የተላከ የተሳሳተ የብድር መረጃ እንዲታረምልኝ ስለመጠየቅ። በብድር ቁጥር … በ … ቀን የተሰጠ … ብር በስሜ ተመዝግቦ ይታያል። ይህን ብድር አልወሰድኩም፣ በዋስነትም አልፈረምኩም። የብድር ፋይሉ ወጥቶ ፎቶው፣ ፊርማው፣ የመታወቂያና የቲን ቁጥሩ ከእኔ ጋር እንዲመሳከር፣ የእኔ አለመሆኑ ሲረጋገጥም ለብሔራዊ ባንክ የብድር መረጃ ማዕከል የተላከው መረጃ እንዲታረምና የታረመበት ቀን በጽሑፍ እንዲገለጽልኝ በአክብሮት እጠይቃለሁ።»

ለመጀመሪያው ብድርሽ ደግሞ ለብቻው ሌላ ደብዳቤ ጻፊ። ሁለቱን አንድ ወረቀት ላይ ካደረግሽ አንዱ ሲመለስ ሌላው ይረሳል። ሁለት ሁለት ኮፒ አድርጊ። አንዱን ስጪ፣ አንዱ ላይ የገቢ ማህተም፣ ቁጥርና ቀን አስመቺበት። «እኔ እነግርላቸዋለሁ፣ ችግር የለም» የሚልሽን ደግ ሰው አመስግኚው፣ ማህተሙን ግን አትለፊው።

ቅርንጫፉ ብዙ ጊዜ ራሱ አያርምም። ለዋናው መሥሪያ ቤት ያሳውቃል፣ ከዚያ ነው ማስተካከያው የሚላከው። ስለዚህ «ጨርሰናል» ሲሉሽ «ለዋናው ቢሮ ነው የላካችሁት ወይስ ለማዕከሉ ተልኳል? በስንት ቀን?» በያቸው። ቀኑን ጻፊ። ከዚያ ባንክሽ ዘንድ ተመልሰሽ መረጃውን እንደ አዲስ እንዲያወጡልሽ ጠይቂ። የድሮውን ወረቀት ከፋይልሽ አውጥተው ሊያሳዩሽ ይችላሉ፣ እሱን አትቀበዪ። አዲስ በወጣው ላይ መስተካከሉን በዓይንሽ ስታዪ ያኔ ጨረስሽ።

ቅርንጫፉ ካንከራተተሽ ለተቋሙ ዋና መሥሪያ ቤት የቅሬታ ክፍል ጻፊ። እዚያም መልስ ካጣሽ ነው ብሔራዊ ባንክ የሚመጣው። ለፋይናንስ ተጠቃሚዎች ጥበቃ ያወጣው መመሪያ አለ፣ ቁጥሩ ኤፍሲፒ/01/2020 ነው። ያኔም ቢሆን የሚረዳሽ እነዚያ ማህተም ያረፈባቸው ኮፒዎች ናቸው። ባዶ እጅሽን ሄደሽ ብታለቅሺ «መጀመሪያ ላበደረሽ ተቋም አመልክቺ» ነው የሚሉሽ።

ለድሮው ብድር ባጃጅ ወይም ቤት አስይዘሽ ከነበረ ደግሞ እግረ መንገድሽን እገዳው መነሳቱን አጣሪ። ብድር ያልቃል፣ የእገዳ ማንሻው ደብዳቤ ግን ሳይጻፍ ይቀራል። ሊብሬው እጅሽ መግባቱ ብቻ እገዳው ተነስቷል ማለት አይደለም።

ስለ ደላላ ልንገርሽ። ይህን ጉዳይሽን የሰማ አንድ ሰው «ሲስተም ውስጥ ሰው አለኝ፣ ስምሽን አስጠፋልሻለሁ» ብሎ መምጣቱ አይቀርም። 5 ሺህም ይበል 20 ሺህ፣ እንዳትሰጪው። ትክክለኛ እርማት በነፃ ነው፣ ብድሩን በመዘገበው ተቋም በኩል ነው፣ ወረቀትም አለው። ከዚህ ውጭ የሚሆን ነገር ቢሆን እንኳን በኋላ አንቺኑ ተጠያቂ ያደርግሻል። ቲንሽንና የፋይዳ ቁጥርሽን ለእንዲህ ያለ ሰው መስጠት ደግሞ ሦስተኛ የማታውቂው ብድር መጋበዝ ነው።

ስለ ሁዳዴው ጭንቀትሽ ይገባኛል። የጾም ገበያ ካለፈ ፍሪዘሩ ምን ያደርግልሻል? ስለዚህ ማህተም ያረፈበትን ኮፒ በያዝሽበት ቀን ወደ ባንኩ ሂጂና «እርማት ጠይቄያለሁ፣ ማስረጃው ይኸው፣ ማመልከቻዬን አትዝጉት» በያቸው። የቤት ግምት ካስፈለገ ግምቱ ይሠራ፣ የንግድ ፈቃድሽና የግብር ወረቀትሽም ይታይ። እርማቱ ሲመጣ የሚቀረው ውሳኔ ብቻ ይሁን። ግን እርማቱ ላይደርስ ስለሚችል በአንድ ፍሪዘር የምትጀምሪበትን መንገድም ከአሁኑ አስቢ። በእጅሽ ባለው ገንዘብ ይሁን በእቁብሽ፣ አንቺ ታውቂዋለሽ። በስልክ የሚሰጡትን አጫጭር ብድሮች ግን ለዚህ እንዳትነኪያቸው። እነሱም ብድር ናቸው፣ መክፈያቸውም ቅርብ ነው።

ነገ ጠዋት ባንኩ ያነበበልሽን ጽፈሽ ላኪልኝ። ብድሩ የተሰጠበትን ቀን፣ መጠኑን፣ «ተበዳሪ» ይሁን «ዋስ» የሚለውን። የትኛው ዓይነት ስህተት እንደሆነ ከዚያ እነግርሻለሁ። ስምሽን፣ ቲንሽንና የብድር ቁጥሩን ግን እዚህ ሰው ሁሉ በሚያይበት እንዳትጽፊው።